ቆሜ የተረጎምኩት ዱዓ

ጡረታ ስወጣ ከሁሉ ቀድሞ ሥራ የፈታው አፌ ነው። እግሬ ዛሬም ቀፊራ ገበያ ደርሶ ይመለሳል፤ ዓይኔም በመነጽር እየታገዘ መርፌ ውስጥ ክር ያስገባል። አፌ ግን ግራ ገብቶታል። ዕድሜ ልኬን አስተርጓሚ ሆኜ የአንዱን ሰው ነገር ለሌላው ሳደርስ ኖሬ፣ አሁን ድሬ፣ መጋላ ሰፈር ቤቴ ቁጭ ብዬ የማወራው ከድመቴ ጋር ነው። እሷ ደግሞ በኦሮምኛ ብጠራትም በሶማሊኛ፣ የሥጋ ሽታ ከሌለ ዘወር ብላም አታየኝ።

በቀደም ባጃጅ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። ከመልካ ጀብዱ የመጣች ሴት አጠገቤ ተቀምጣ የት እንደምትወርድ በኦሮምኛ ታስረዳለች። ሾፌሩ በአማርኛ ይመልሳል። እሷ ትጮሃለች፣ እሱም ይጮሃል። እኔን ምን አስቻለኝ! መሀል ገብቼ የእሷን ለእሱ፣ የእሱን ለእሷ ማድረስ ጀመርኩ። ሾፌሩ በመስተዋቱ አይቶኝ ሳቀ።

«ኤዶ፣ አትድከሚ አቦ! እኔ ኦሮምኛ እችላለሁ፣ እሷም አማርኛ ትችላለች። የተጣላነው በመንገዱ ነው እንጂ በቋንቋ አይደለም።»

ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። ልጁ በአክብሮት አፌን አዘጋኝ።

የነበርኩበት መሥሪያ ቤትም እንደዚያ ባጃጅ ሆኗል። ዛሬ የሚቀጠሩት ልጆች ሦስቱንም ቋንቋ አብረው ነው የሚያመጡት። የማይችለውም እንዲተረጉምለት ስልኩን አውጥቶ ባለጉዳዩ አፍ ሥር ይደቅናል። እሰየው ነው፣ ለሀገር ይበጃል። እኔ ግን ይናፍቀኛል። ሁለት የማይግባቡ ሰዎች መሀል ቆሜ ሁለቱም አፌን ሲያዩ የነበረው ዝምታ ይናፍቀኛል። መምህሬ ጋሽ ጣሰው ከኋላ ሆኖ ስሳሳት የሚስላት ሳል ትናፍቀኛለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ የአንድ ዛፍ ጥላ ይናፍቀኛል፤ ይህን ሁሉ የማወራውም በእሱ ምክንያት ነው።

የቋንቋ ትምህርት ቤቴ የአባቴ ባንኮኒ ነበር። አባቴ መጋላ ውስጥ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። ሽርጥ ሊገዛ የሚመጣው ባለግመል ሶማሊኛ ይናገራል። ወተቷንና ማገዶዋን ሸጣ ስትመለስ ለልጇ ቀሚስ የምትመርጠው ሴት ኦሮምኛ ትናገራለች። የእናቴ ዘመዶች ሲመጡ ቤቱ በሐረሪ ቋንቋ ይሞላል። ትምህርት ቤት ስሄድ ደግሞ አማርኛ። ልጅ ሆኜ ይህ ሁሉ የተለያየ ቋንቋ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሰው ሲቀያየር አፍም የሚቀያየር ይመስለኝ ነበር፤ እንደ ቀሚስ።

ትምህርቴን ስጨርስ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ይፈለጋል ተባለ። አባቴ «ሴት ልጅ ሌባና ነፍሰ ገዳይ መሀል ልትቆም?» ብሎ ተቆጣ። እናቴ «ሱቅ ውስጥ የቆመችው በእነማን መሀል ነው?» አለችው። ተቀጠርኩ። ስለ ደመወዙ አልናገርም፤ ብናገርም አታምኑኝም።

ጋሽ ጣሰውን ያገኘሁት እዚያ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ባርኔጣውን ከራሱ የማያወርድ ሰው ነበር። ወጣትነቱን በባቡር ሥራ ነው ያሳለፈው። ሶማሊኛውን ከየጣቢያው፣ ኦሮምኛውን ከሚስቱ፣ ፈረንሳይኛውን ከአለቆቹ ስድብ ነው የለቀመው። «እሱ» እያልኩ ስጽፍ ንቄው አይደለም። ድሬ ተወልዶ ያደገ ሰው የሚወደውን «አንተ» ነው የሚለው፤ ሚኒስትርም ቢሆን። ጋሽ ጣሰውም «እርስዎ» ያልኩት ቀን «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ደንግጦ ጠይቆኛል።

ሲሠራ የነበሩትን ሁለት ልማዶቹን አልረሳም። ችሎት ከመጀመሩ በፊት ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ወደተሰበሰቡት ባለጉዳዮች ይሄዳል። ስለ ዝናብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ መንገዱ ይጠይቃል። ትሕትና ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሰውየው ያን ቀን እንዴት እንደሚናገር እየሰማ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚል ነው? ነገሩን ከሩቅ ዞሮ የሚያመጣ ነው? ሲናደድ ድምፁ ይወጣል ወይስ ይወርዳል? «ልብሱን ሳልለካ እንዴት እሰፋለታለሁ?» ይለኝ ነበር።

ሁለተኛው ልማዱ መቆሙ ነው። ችሎቱ የፈለገውን ያህል ይርዘም፣ ወንበር ቢያመጡለትም አይቀመጥም። ሲያረጅ እንኳ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ ይቆም ነበር። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ስቆም የሰው አፍ ነኝ፣ ስቀመጥ ጣሰው ነኝ» አለኝ። «ሰዎቹም ሊያውቁት ይገባል። ተቀምጠሽ ከተረጎምሽ የቱ የእነሱ፣ የቱ ያንቺ እንደሆነ ማን ይለየዋል?»

ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ ግመል ሰረቀ የተባለ ተከሳሽ ዳኛውን «አንተ ዳኛ አይደለህም፣ የምታስተጋባ ግድግዳ ነህ» አላቸው። እኔ ደንግጬ «ቅሬታ አለኝ ይላል» ብዬ ተረጎምኩ። ከኋላ ሳል ሰማሁ። ዞሬ ሳይ ጋሽ ጣሰው ጣራውን ያያል። ዳኛውን ይቅርታ ጠይቄ ስድቡን እንዳለ፣ ግድግዳውን ሳላስቀር ተናገርኩ። ዳኛው ብዕራቸውን አስቀምጠው ሰውየውን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩት፤ ምስክሮቹንም እንደገና እንሰማ አሉ። ስንወጣ ጋሽ ጣሰው ባርኔጣውን እያስተካከለ «የዚያን ሰው ቁጣ ልትሰርቂው ነበር፤ ያለው ንብረት እሱ ብቻ ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ከሰው ንግግር ላይ ቀንሼም ጨምሬም አላውቅም። ደንቤ ይህ ሆነ፤ ኮራሁበትም።

ከፍርድ ቤት ወደ ጤና ቢሮ፣ ከጤና ወደ እርሻ፣ ከእርሻ ወደ መሬትና አካባቢ ተዘዋወርኩ። አለቆቼ ብዙ ናቸው፤ የማልረሳው ግን አንዱን ነው። ትርጉም እንደ ጨርቅ በክንድ የሚለካ ይመስለው ነበር። «ሰውየው ያን ሁሉ አውርቶ አንቺ እንዴት በዚህች ጨረስሽ?» ይለኛል። «አቦ፣ የቀረው ሰላምታ ነው» እለዋለሁ። «ሰላምታውንም ተርጉሚልኝ!» አንድ ቀን ተርጎምኩለት። ስለ ላሞቹ ጤና፣ ስለ ጎረቤቱ ላሞች፣ ስለ ጎረቤቱ አማት። ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

መሬትና አካባቢ ሳለሁ ነው ለገ ጋዲሳን ያወቅኩት። ከመልካ ጀብዱ አልፎ መኪናው አሸዋ ለአሸዋ ሲሄድ ቆይቶ ሁለት ራቁት ኮረብታዎች መሀል ይገባል። ከዚያ በድንገት አረንጓዴ ነው። ለገ ጋዲሳ በኦሮምኛ የጥላ ወንዝ ማለት ነው። ሸለቆው ጥብቅ ደን ነው፤ ዛፍ መቁረጥም ማደንም ክልክል ነው። ወሰኑ ድንጋይ ላይ በቀይ ቀለም ተሠምሯል። ምንጩ ከላይ ከደኑ ይነሣና ቀዩን መስመር አልፎ ሸለቆው አፍ ላይ ኩሬ ይሠራል። ኩሬው አጠገብ አንድ ትልቅ ሾላ ነበር። የድሬን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ያ ጥላ ምን እንደነበር ሳልነግረው ይገባዋል። መኪናው ውስጥ ላብ ያጠመቀው ሰው እዚያ ሥር ሲገባ ሳያስበው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ማታ ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አጋዘኖች ከደኑ ወርደው ከኩሬው ይጠጡ ነበር። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ቀንዱ የተጠማዘዘ ወንድ አጋዘን ቀድሞ ይመጣል፣ ሰዉን ሁሉ በተራ ያያል፣ ከዚያ ሴቶቹን ይጠራል። ከብት የሚያጠጡት ሰዎች ለእነሱ ሲሉ ቦታ ይለቁ ነበር።

አንድ ድርጅት እዚያ ሸለቆ አፍ ላይ ድንጋይ ፈጭቶ ሲሚንቶ የሚያመርት ፋብሪካ ሊያቋቁም መጣ። የድርጅቱ ወኪል አቶ ደረጀ የሚባል ሰው ነበር፤ ከደጋ የመጣ፣ ጨዋ፣ ሙቀቱ ያሳመመው፣ መሐረቡን ከእጁ የማይለይ። ነዋሪውን ሳያናግሩ ሥራ መጀመር ስለማይቻል መሥሪያ ቤቴ እኔን ከእሱ ጋር ላከኝ።

ሾላው ሥር ተሰበሰብን። ሆጃ አመጡልን፤ የቡና ገለባ በወተት የሚፈላ የእኛ አገር መጠጥ ነው። እኔ እንደ ጋሽ ጣሰው ዞሬ ሰላም አልኩ፣ ስለ ዝናብ ጠየቅኩ፣ ከዚያ በመሀል ቆምኩ። አቶ ደረጀ ተናገረ። ፋብሪካው ከጥብቁ ደን ውጭ እንደሚሆን፣ ከቀዩ መስመር አንዲት ክንድ እንደማይገባ፣ ለልጆቻቸው ሥራ እንደሚያመጣ አስረዳ። ውሸት አልነበረበትም።

የሸለቆው ትልቅ ሰው ሀጂ ኡመር ነበሩ። እሳቸውን «እሱ» ለማለት አፌ ዛሬም አይታዘዘኝም። በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው በኦሮምኛ ተናገሩ፤ እኔም በአማርኛ አደረስኩ።

«እንኳን መጣችሁ። ውኃችንን ጠጡ። ይህ ውኃ የሚነሣው ከጥብቁ ነው፤ ቀዩ ቀለም ጋ ሲደርስ ግን አይቆምም። አጋዘኑም ሊጠጣ ሲወርድ ቀለሙን አይቶ አይመለስም። እናንተ ውስጥና ውጭ ትላላችሁ፤ እኛ የምናውቀው አንድ ጋዲሳ ነው። ለፋብሪካችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉለት።»

ፋጡማ የምትባል ወተት ነጋዴ ተነሣች። ቀፊራ ስትመጣ ደንበኛዬ ናት። «አቧራው ቅጠሉ ላይ ሲተኛ ፍየሌ ምን ትበላለች? ሲሚንቶ ትበላለች?» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። አንድ ጎረምሳ ደግሞ ከኋላ ሆኖ «ለእኛስ ሥራ አያስፈልገንም? ከተማ ወርጄ ጆንያ ከምሸከም እዚሁ ብሠራ ምን አለ?» አለ። ይህንንም እንዳለ ተረጎምኩ። ሀጂ ልጁን አልተቆጡትም። «ሥራውን አልጠላንም፤ ቦታውን ነው» አሉ።

ንግግሩ በዚህ አለቀ። ከዚያ ሀጂ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰዉም ሁሉ ዘረጋ። ዱዓ ነው፣ የእኛ ምርቃት። «አላህ መንገዳችሁን ያቅና። የደከማችሁበትን ያሳካላችሁ። ከቤታችሁ በሰላም ያግባችሁ። እጃችሁ የነካውን ይባርክላችሁ።» በየመሀሉ ሰዉ «አሚን» ይላል። እኔ ቆሜ፣ እጄን ሳልዘረጋ፣ አሚን ሳልል ተረጎምኩ። አስተርጓሚ አሚን አይልም፤ የሰው አፍ ነዋ። አሳምሬ ነበር የተረጎምኩት። አቶ ደረጀ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አሜን፣ አሜን» አለ።

መኪናው ውስጥ ገብተን ገና አሸዋውን ሳንጨርስ ስልኩን አወጣ። «መርቀውናል!» ይላል ለአለቃው። «መጀመሪያ ትንሽ አጉረመረሙ፣ በኋላ ልባቸው ተመለሰ። እንዴት አድርገው እንደመረቁን ብታይ!» ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረ። «በእኛ አገር ሽማግሌ ያልወደደውን ነገር በጭራሽ አይመርቅም፤ ተነሥቶ ነው የሚሄደው። የእናንተም ሰው እንደዚያው ነው። ተባረኪ፣ አንቺም ጥሩ አድርገሽ ነው የነገርሽኝ።»

እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። በእኛ አካባቢ እንግዳ ዱዓ ሳይደረግለት እንደማይሄድ አውቃለሁ። ወዳጅም ይሁን ባላጋራ፣ ተስማምታችሁም ተጣልታችሁም። እንዲያውም ተጣልተው የተለያዩ ቀን ዱዓው ይረዝማል፤ ሰው ቂም ይዞ መንገድ እንዳይወጣ። የመረቁት ሰውየውን ነው እንጂ ፋብሪካውን አይደለም። ሁሉን አውቃለሁ። ደንቤ ግን ከሰው ንግግር ላይ አትጨምሪ ይላል። የተባለውን ሁሉ ነግሬዋለሁ፣ «ሌላ ቦታ ፈልጉለት» የሚለውንም ጭምር። የቀረው የእሱ ጉዳይ ነው ብዬ በመስኮት ኮረብታውን እያየሁ ከተማ ገባሁ።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። ቀፊራ ገበያ ፋጡማን አገኘኋት። ሁልጊዜ ከሩቅ የምትጣራው ሴት ቀና ሳትል ወተቷን ቀዳችልኝ።

«ምነው አንቺ?» አልኳት።

«ሾላው ወደቀ» አለችኝ። «ማሽን መጣ። ለመኪና መንገድ ነው አሉ። ሀጂ ሲደርሱ ወድቆ ነበር። ቅጠሉ ገና አልጠወለገም ነበር፣ ወላሂ።»

ዕቃዬን እዚያው ትቼ ወጣሁ። እግሬ ወደ ከዚራ ሰፈር ወሰደኝ፤ ጋሽ ጣሰው ጡረታ ወጥቶ እዚያ ይኖር ነበር። አልጋው ላይ ባርኔጣውን እንዳደረገ ጋደም ብሎ አገኘሁት። ሁሉን ነገርኩት፤ ስብሰባውን፣ ዱዓውን፣ መኪናውን፣ ዛፉን። ንግግሬን የጨረስኩት «ያስተማርከኝን ደንብ ነው የጠበቅኩት» ብዬ ነው። እየተቆጣሁት ነበር።

ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ።

«ስብሰባው ላይ ቆመሽ ነበር?»

«ቆሜ ነበር።»

«መኪናው ውስጥስ?»

ዓይኔን ወደ ወለሉ አወረድኩ።

«መኪና ውስጥ ተቀምጠሻል እኮ፣ ሩቅያ» አለኝ። «መኪና ውስጥ ማን አስተርጓሚ አደረገሽ? ደንቡ ሲቆሙ ነው። ስትቀመጪ የአባትሽ ልጅ ነሽ፣ የመጋላ ሰው ነሽ፣ የምታውቂውን ትናገሪያለሽ። ይህን ያልነገርኩሽ የምታውቂው መስሎኝ ነው።» ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የተቆጣው በእኔ ይሁን በራሱ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሊጠይቁት የሚገባውን ሳይጠይቁት ሰው በሞት ያመልጣል። እኔም አልጠየቅኩትም።

በማግስቱ የለገ ጋዲሳ ሰዎች ማሽኖቹ ፊት መንገዱ ላይ ተቀመጡ። ወንዱም ሴቱም፤ ሥራ የጠየቀው ጎረምሳም አብሮ ተቀምጧል። ድንጋይ አልወረወሩም፣ ቃልም አልተናገሩም፤ ዝም ብለው ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ጥላቸው ወድቋልና። አቶ ደረጀ ከመሥሪያ ቤቴ አለቆች ጋር ሆኖ መጣ። እኔም መጣሁ፣ በመሀላቸው ቆምኩ።

«መርቃችሁን አልነበረም ወይ?» አለ አቶ ደረጀ። ከልቡ ግራ ገብቶታል። «ሽማግሌ ቃሉን ያጥፋል?»

ተረጎምኩ። ሀጂ ኡመር ሲሰሙት ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። እሱን አላዩትም፤ እኔን ነው ያዩት።

«ኢንተሎ» አሉኝ፤ ልጄ ማለት ነው። «ያን ቀን ምን ብለሽ ነው የነገርሽው?»

በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያች ጥያቄ የወጋኝ የለም። ያን ቀን ለአቶ ደረጀ ያልኩትን ከመጀመሪያው ጀምሬ በቃሌ አወጣሁት፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፤ ውኃውን፣ ቀዩን ቀለም፣ አጋዘኑን፣ ሌላ ቦታ ፈልጉለት የሚለውን፣ ዱዓውን። አማርኛ የሚያውቁት ነዋሪዎች «ልክ ናት» አሉ። ሀጂ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። «ታዲያ ምንድነው የሆነው?» አሉ።

ያን ጊዜ ተቀመጥኩ። ፋጡማ አጠገብ፣ የጋለው አሸዋ ላይ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። አለቃዬ «ምን ሆንሽ፣ አመመሽ እንዴ?» አለ። «አላመመኝም። አሁን የምናገረው የራሴን ነው» አልኩት።

«አቶ ደረጀ» አልኩ፤ «የመረቁህ አንተን ነው። እዚህ አገር እንግዳ ሳይመረቅ አይሄድም። ፋብሪካውን እንቢ ብለውሃል፤ አንተን ግን በሰላም ቤትህ ግባ ብለውሃል። ሁለቱንም ከልባቸው ነው ያሉት። ዛሬም ይህን ሁሉ ተጣልታችሁ ስትሄድ ይመርቁሃል፤ ታየዋለህ።» ያንኑ በኦሮምኛ ለሀጂ አልኩ። የሌላ ሰው ቃል ለማውጣት ፈርቼ አላውቅም፣ የራሴን ሳወጣ ግን ፈራሁ።

አቶ ደረጀ መሐረቡን እጁ ውስጥ ጨብጦ ወደቀው ዛፍ ተመለከተ። «ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«የምቆምና የምቀመጥበትን ስላልለየሁ ነው» አልኩት። አልገባውም። ጋሽ ጣሰው ብቻ ነበር የሚገባው።

ሊሄድ ሲነሣ ሀጂ እጃቸውን ዘረጉ። መረቁት። እኔ ተነሥቼ ቆሜ ተረጎምኩለት። በዚህ ጊዜ አሜን አላለም፤ አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው ሰማ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ስብሰባ፣ ብዙ ምልልስ ነበር። አቶ ደረጀ ከአለቆቹ ጋር ሲከራከር በስልክ ሰምቼዋለሁ፤ «የሰውን ምርቃት ፈቃድ ብዬ ወስጄዋለሁ፣ ስሕተቱ የእኔ ነው» ሲል። ፋብሪካው በመጨረሻ ከኮረብታው ወዲያ ማዶ፣ ውኃም ዛፍም ከሌለበት ቦታ ሄደ። ያ ጎረምሳም እዚያ ተቀጥሮ ይሠራል፤ ሚስት አግብቷል አሉ። ምንጩ ዛሬም ይፈሳል። ሰው ይህን ሲሰማ አሸንፋችኋል ይላል። ሾላው ግን የለም። አጋዘኖቹም ጥላ የሌለው ሜዳ ላይ ወጥተው አይጠጡም፤ ወንዱ ቀንዳም ማታ ደኑ ዳር መጥቶ ቆሞ ይመለሳል አሉ። ጋሽ ጣሰውም በዚያው ዓመት ሞተ። ከቀብሩ ስመለስ የሚስል ሰው በሰማሁ ቁጥር እዞር ነበር።

ባለፈው ወር ፋጡማ «ሀጂ የት ጠፋች ይላሉ» አለችኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ወደዚያ ሄጄ አላውቅም ነበር፤ ያለ ሥራ ምን ብዬ እሄዳለሁ? እንደ እንግዳ መሄድ አልለመድኩማ። ሄድኩ። ሾላው በነበረበት ቦታ ላይ የቆርቆሮ ዳስ ሠርተዋል። ከሥሩ ሲቀመጡ ከላይ እሳት ነው። ሰው እዚያ ሥር ድምፁን ዝቅ አያደርግም፤ ቆርቆሮው ሲንጫጫ ጮክ ብሎ ነው የሚናገረው። ከእግሬ ሥር ጉቶውን እያየሁ ሆጃዬን ጠጣሁ። ሀጂ ዓይናቸው ደክሟል። በድምፄ ነው የለዩኝ። ስለ ድመቴ ሳይቀር ጠየቁኝ፣ እኔም ስለ ፍየሎቹ ጠየቅኩ፤ ሰላምታው ረዘመ፣ ደስም አለኝ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልሂድ ብዬ ተነሣሁ። «ዱዓ ሳይደረግልሽ?» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። እኔ እንደለመድኩት ቆሜ ጠበቅኩ። የመጀመሪያውን ቃል ሲጨርሱ አፌን ከፈትኩ፤ ዓይኔም ቋንቋውን የማያውቀውን ሰው ፈለገ። የለም። ሁሉም ይሰማል። የማደርስለት ሰው የለኝም። እንዲህ ባዶ እጄን ቆሜ አላውቅም፤ አልቅሺ አልቅሺ አለኝ።

«ኢንተሎ፣ ተቀመጪ» አሉኝ ሀጂ። «የአንቺ ዱዓ ነው እኮ።»

ተቀመጥኩ። ለእኔ ለመኑልኝ። ስለ ጋሽ ጣሰው ነግሬያቸው ስለነበር ለእሱም ለመኑለት። ለአቶ ደረጀም፣ ያለበትን ባያውቁም። መጨረሻ ላይ ፊታቸውን ወደ ደኑ አዞሩና «አጋዘኖቹንም ወደ ውኃቸው መልስልን» አሉ።

እጄን ዘረጋሁና «አሚን» አልኩ።